ዘብ ያቆምኋት ልጅ

በ1975 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ በዐርባ ሦስት ዓመቴ፣ ለሦስት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ልነሣ ስል ወንበሩም አብሮኝ ተነሣ። ከሃያ ስምንት ሕፃናት ሃያ ሰባቱ ከት ብለው ሳቁ። ያልሳቀችው አንዷ የዚህ ታሪክ ባለቤት ናት፤ እሷ ትቆየንና መጀመሪያ ወንበሩ የተጣበቀበትን ሰው ላስተዋውቅ።

ስሜ መርስዔ ኀዘን ነው። የዘጌ ቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ሊያደርጉኝ ተስለው ዜማ ቤት አስገቡኝና ሰባት ዓመት ተቀመጥሁ። በሰባተኛው ዓመት መምህሬ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ይኸን ድምፅ እግዜር የሰጠህ ወፍ እንድትጠብቅበት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተሻግሬ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ዋርካ ጥላ ውስጥ የሰው ልጆችን ፊደል ማስቆጠር ጀመርሁ። ለዚህ ሥራ ጥሩ ድምፅ አያስፈልግም፤ አርጩሜ ይበቃል። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ሥራ ለሽማግሎችና ለባልቴቶች ሠራሁ። እዚያ አርጩሜውን ትቼው ነበር፤ ባልቴቶቹ መልሰው ይመቱኝ ነበርና።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አካሉ አንድ ቀን አስጠሩኝ። «ጓድ መርስዔ፣ ቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ከፍቷል። የሰባ ዓመት ሰው ያስነበበ የሦስት ዓመት ልጅ አያቅተውም» አሉኝ። እኔም አያቅተኝም ብዬ አመንሁ። በዚያ ዘመን፣ ነገሩ ስለ ራሴ ችሎታ ከሆነ፣ የማላምነው አልነበረም።

መዋዕለ ሕፃናቱ ከሐይቁ ዳር በተወረሰ አንድ ቪላ ውስጥ ነበር። ኃላፊዋ የሺመቤት ትባላለች። የሃያ ሦስት ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ስድስት ወር ስለ ሕፃናት አያያዝ ሠልጥና ነው ወደኛ የተመደበችው። እኔ ረዳቷ ነኝ። ረዳት የሚለውን ቃል ግን ለማንም አልተናገርሁም። ሰው ሲጠይቀኝ፣ «አንዲት ልጅ አብራኝ ትሠራለች» እል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ስገባ የሺመቤት ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ መሬት ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጣለች። አንደኛው ጥግ ውሃ የሞላ ሳፋና የተለያየ ጣሳ አለ። ሌላው ጥግ ከሐይቁ ዳር የመጣ ጭቃ። መኻሉ ላይ ከቡና ቤቶች የተለቀመ የቆርኪ ክምር። በመስኮቱ ሥር ደግሞ የተሰባበረ ድስት፣ ማማሰያ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት ተደርድሯል፤ ይኸኛው የዕቃ ዕቃ ጥግ ነው። ልጆቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሯሯጣሉ። እኔ ጥግ ይዤ ቆምሁና ጨርሰው እስኪቀመጡ መጠበቅ ጀመርሁ። አልጨረሱም።

«የሺመቤት፣ ትምህርቱ በስንት ሰዓት ነው እሚጀመር?» አልኋት።

«ተጀምሯል እኮ፣ የኔታ።»

ዞር ብዬ አየሁ። አንዱ ተማሪ ቆርኪ አፍንጫው ውስጥ ሊያስገባ እየታገለ ነው።

የሺመቤት ቆርኪውን ከአፍንጫው መልሳ እያወጣች አስረዳችኝ። ቀዩን ቆርኪ ከሰማያዊው የሚለይ ልጅ ማሰብ እየተማረ ነው፤ ከትልቁ ጣሳ ወደ ትንሹ እየገለበጠ የሚያፈስሰው ብዙና ጥቂትን እየተማረ ነው፤ ጭቃ የሚያድቦለቡለው ነገ እርሳስ የሚይዝባቸውን ጣቶች እያበረታ ነው። «ከእርስዎ የሚፈለገው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ‘ምን ሆነ? ለምን ይመስልሃል?’ ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን አይንገሯቸው» አለች።

መልሱን አይንገሯቸው! እኔ ሰባት ዓመት የተማርሁት መልስ ነው። ጥያቄ የሚባል ነገር ማን አስተማረኝ? ጭቃውን ሳይ ደግሞ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለው ተረት ምላሴ ላይ መጣ፤ በግድ ዋጥሁት።

በሳምንቱ የሺመቤት ከሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አምጥታ፣ «የዘጌ ሰው አይደሉ? ለልጆቹ ትንሽ ታንኳ ይሥሩላቸውና ሳፋው ላይ ይንሳፈፍ» አለችኝ። የዘጌ የቄስ ልጅ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል እንጅ መቼ ይሠራል? ይኸን ግን አልነገርኋትም። አክብጄ ተቀመጥሁ፣ ደንገሉን አሠርሁ፣ ፈታሁ፣ ደግሜ አሠርሁ። ልጆቹ ከጭቃ የሠሯቸውን ስድስት ተሳፋሪዎች ጭነን ውሃው ላይ አስቀመጥናት። ታንኳይቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቀዘፍ ተገለበጠች፤ የጭቃ ተሳፋሪዎቹ አንድም ሳይቀር ሟሙ።

የሺመቤት ደስ ብሏት፣ «ለምን የተገለበጠች ይመስላችኋል?» ብላ ጠየቀች።

ክንዱ የሚባል የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ትንሽ አሰበና፣ «የኔታ ስለሠሯት» አለ።

ያንን ልጅ ለመውደድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። እሱ ደግሞ በዚያው ከሰዓት ሁለት የደንገል እስር ጎን ለጎን አስሮ የማትገለበጥ ታንኳ ሠራ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸ ነው።

አሁን ወደ ዝምተኛዋ ልጅ ልምጣ። የብርጓል ትባላለች፤ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ አገርነሽ የይፋግ ሰው ናት። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ሲጠፋ፣ ልጇን አዝላ ባሕር ዳር መጣችና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። በከተማው ዘመድ የላትም። ስለዚህ ፈረቃዋ ሲደርስ ሕፃኗን ቤት ውስጥ አስገብታ በጓጉንቸር ትቆልፍባት ነበር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖሩ።

«ምን ላርግ፣ የኔታ?» አለችኝ ልጇን ያመጣቻት ቀን። «እሳት እንዳትነካብኝ፣ ሐይቅ እንዳትገባብኝ ብዬ ነው። መጀመሪያ በሩን እየደበደበች ትጣራ ነበር አሉ ጎረቤቶች። ኋላ ተወችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም።» የጓጉንቸሩ ቁልፍ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነበር።

የብርጓል ትሰማለች፤ ነይ ሲሏት ትመጣለች፤ አፏን ግን አትከፍትም። ጓድ አካሉ ይኸን ሲሰሙ ፊታቸውን ከሰከሱ። ቦታ የሚጠብቁ ተረኛ ልጆች ሞልተዋል፣ መዋዕለ ሕፃናቱም የአውራጃው ምሳሌ እንዲሆን ታስቧል። በየካቲት ጎብኚዎች ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ይመጣሉ። እስከዚያ ልጅቱ ካልተናገረች ወደ ቤቷ ትመለሳለች አሉ።

አገርነሽ ውሳኔውን ስትሰማ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «እንደገና ቆልፌባት ልሂድ? እሱንማ ሞቴን ያርገው» አለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «አይዞሽ! የሷን አፍ እኔ እፈታዋለሁ» አልኋት። የሺመቤት ሰምታ ቀና ብላ አየችኝ።

የሺመቤት በበኩሏ የምትሠራው ሥራ እኔን ያናድደኝ ነበር። አጠገቧ ትቀመጣለች፤ የብርጓል ውሃ ስትገለብጥ፣ «ኧረ ሞላ! ኧረ ፈሰሰ!» ትላለች፤ አሻንጉሊቷን አቅፋ በአሻንጉሊቷ ስም ትናገርላታለች። መልስ ሳትጠብቅ ቀኑን ሙሉ ታወራታለች። እኔ ደግሞ በየጊዜው ልጅቷን ፊት ለፊቴ አስቀምጥና፣ «ሀ በይ! በይ እንጅ!» እላለሁ። ጢሜን ትክ ብላ ታያለች። አንድ ቀን ከየሺመቤት ተደብቄ በኮዳ ጠበል አመጣሁላት። ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና ኮዳውን መልሳ ዘረጋችልኝ። ደስ አለኝ፣ ሠራ ብዬ። ለካ ጠምቷት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውን ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ረፋድ ላይ የሺመቤት ለስብሰባ ወደ ቀበሌ ትሄዳለች። እሷ ከግቢው በወጣች ቁጥር እኔ ቆርኪውን በከረጢት እሰበስባለሁ፣ ጭቃውን እሸፍናለሁ፣ ሃያ ሰባቱን ልጆች በመስመር አስቀምጣለሁ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የደበቅሁትን የማንጎ አርጩሜ አወጣለሁ። ከዚያ ሀ ሁ ይጀመራል። ሃሳቤ ጎብኚዎቹ ሲመጡ ልጆቹ በአንድ አፍ ፊደሉን እንዲያንበለብሉት፣ የሺመቤትም ቆርኪዋን ይዛ አፏን ከፍታ እንድትቀር ነበር።

ነገር ግን የሺመቤት ድንገት እንዳትመጣብኝ ዘብ ያስፈልገኛል። ለዘብነት ማን ይሻላል? ምስጢር የማያወጣ ሰው። የብርጓልን መረጥሁ። ብትጠየቅ እንኳ አትናገርማ! ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ደጃፉ ላይ አስቀምጬ፣ «ወደ አጥሩ በር ዙሪና መምህርት ስትመጣ እጅሽን አንሺ» አልኋት። በብልሃቴ ለብዙ ቀን ስገረም ቆየሁ።

ዘብነቷን አልበደለችም፤ የሺመቤት ብቅ ስትል እጇን ታነሣለች። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት። ወደ በሩ ባዞርኋት ቁጥር ተመልሳ ወደኔ ትዞራለች። በጆሮዋ ከበሩ የሚመጣ ኮቴ እየሰማች በዓይኗ እኔን ትጠብቃለች። «አንቺ! ወደ በሩ ዙሪ!» እላታለሁ። ትዞራለች። ትንሽ ቆይቼ ሳያት እንደገና ወደኔ ነች። ልጅቱ የምትፈዝዝ መሰለኝ።

የካቲት ደረሰ፤ ጎብኚዎቹም መጡ። ሁለት ናቸው፤ አንድ ማስታወሻ የምትይዝ ወጣትና አንድ ባለ ሸበቶ ሽማግሌ። ጓድ አካሉ ካኪያቸውን አስተኩሰው ከፊት ከፊት ይመራሉ። አገርነሽ የጠዋት ፈረቃ ላይ ነበረች፤ ጠዋት ልጇን ስታስረክበኝ እጄን ይዛ፣ «የኔታ፣ ዛሬ እርስዎ ያውቃሉ» ብላኝ ነበር የሄደችው። አምስት ወር አፏን ላስከፍታት ታግዬ የቀናኝ ነገር የለም። ያ እጅ ቀኑን ሙሉ መዳፌ ላይ የቀረ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ጎብኚዎቹ ሳፋውን አዩ፣ ታንኳዎቹን አዩ፣ የክንዱን የደንገል ሥራ አደነቁ። ሽማግሌው ልጆቹን በየተራ ስማቸውን ጠየቋቸው። የብርጓል ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው፣ «አንቺስ፣ እናቴ?» አሏት። ዝም። ደግመው ጠየቋት። ዝም።

«ያልኋችሁ ይህችን ነው» አሉ ጓድ አካሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከነገ ጀምሮ ቦታዋ ለተረኛ ይሰጣል።»

የሺመቤት ፊቷ ቀልቶ፣ «ጓድ፣ ሲጫወቱ ሳታዩአቸው አትወስኑ። ልጅ የሚታወቀው ሲጫወት ነው» አለች። ወደ ልጆቹ ዞራም፣ «በሉ፣ የፈለጋችሁትን ተጫወቱ» አለቻቸው።

ልጆቹ ወደ ዕቃ ዕቃው ጥግ ተንጋጉ። ክንዱ፣ «የኔታ የኔታ እንጫወት!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ ጨዋታ መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ለካ እኔና መምህርት ዞር ባልን ቁጥር ሲጫወቱት ከርመዋል፤ እነሱም እኛ ስንመለስ የሚነግራቸው ዘብ ነበራቸው። ልጆቹ ሳይታዘዙ በመስመር ተቀመጡ። ያን ቀን የኔታ ሆና ከመኻላቸው የተነሣችው የብርጓል ናት።

አንድ የደንገል ዘንግ አነሣች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሽቅብ ሳብ አደረገች፤ እኔ ሱሪዬን የማደርገውን። ሁለት ጊዜ ሳል አለች፤ እሱም የኔ ሳል ነው። ቀጥሎም አምስት ወር የታገልሁት አፍ ተከፈተ፣ ድምፁም ወፍ ለመጠበቅ የተሰጠኝ ድምፅ ነበር፦

«በል! ሀ በል! ድገም! አንተ ድንጋይ፣ ሺህ ጊዜ ነግሬህ!»

ክንዱ መዳፉን ዘረጋ። በደንገሉ ጠቅ አደረገችው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ወደ ተቀመጠች ሌላ ልጅ ዞራ፣ «አንቺ! ወደ በሩ ዙሪ! መምህርት ስትመጣ እጅሽን አንሺ!» አለቻት።

የሺመቤት ልጅቷን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፣ ቀጥላም አይኗ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምነኛ በወደድሁ! ከነአርጩሜዬ ነው የተጋለጥሁት፣ ያውም በመረጥኋት ዘብ።

መጀመሪያ የተነፈሱት ጓድ አካሉ ነበሩ። «ይኸ ንግግር አይደለም። ያስጠኗት ነገር ነው፤ በቀቀንም ይላል» አሉ።

ወጣቷ ጎብኚ ብዕሯን አነሣች። እዚህ ላይ ዝም ብል ምስጢሬ የልጆች ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። ልጅቷ ግን በቀቀን ሆና ወደ ጓጉንቸሩ ልትመለስ ነው። እጄ ሳላስበው፣ እንደ ተማሪ፣ ወደ ላይ ተነሣ።

«ማንም አላስጠናትም» አልሁ። «የኔታ የተባልሁት እኔ ነኝ። መምህርት ስትወጣ እየጠበቅሁ ልጆቹን በአርጩሜ ፊደል አስቆጥር ነበር። ይህችን ልጅ ዘብ ያቆምኋት አትናገርብኝም ብዬ ነው። ያየችውን አንድ ቃል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ነው የተናገረችው። በቀቀን እንዲህ ያለ ምስክርነት አይሰጥም።»

ሽማግሌው ጎብኚ ግራ መዳፋቸውን ከፍተው ተመለከቱና፣ «እኔንም በዚሁ ድምፅ ነው ያስተማሩኝ። በሕልሜ እስካሁን እሰማዋለሁ» አሉ። ወደ ጓድ አካሉ ዞረውም፣ «ልጅቱ አትነካም፤ ትቀመጣለች። እኚህን ሰውዬ ግን መምህርት እንደ አዲስ ገቢ ተማሪ ትያዛቸው። ከቆርኪው ይጀምሩ» አሉ።

የሺመቤት ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። በሚቀጥለው እሑድም በቀበሌው አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። እንደሌሎቹ በአጭሩ ጨርሼ መቀመጥ ሲገባኝ አፌ አልገታ አለኝና ስለ ጠበሉም፣ ስለ ታንኳይቱም ተናዘዝሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያን ግለ ሂስ ይኸው እስካሁን አልጨረስሁትም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጉብኝቱ የተደረገበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። አገርነሽ ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ጥጥ ጸጉሯ ላይ እንዳለ፣ እየሮጠች መጣች። ከአጥሩ በር ጀምሮ ልጆቹ፣ «ተናገረች! የብርጓል ተናገረች!» እያሉ ተቀበሏት። ፊት ለፊቴ ደርሳ ቆመች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«እውነት ነው፣ የኔታ?»

«እውነት ነው። ትቀመጣለችም ብለዋል።»

«ምን አለች? መጀመሪያ ምን አለች?»

አንድ እናት ልጇ መጀመሪያ የተናገረችውን ማወቅ ትሻለች። እማዬ አለች ብዬ መዋሸት ፈለግሁ፤ አምላክ ያውቃል ፈለግሁ። «አንተ ድንጋይ፣ ሺህ ጊዜ ነግሬህ አለች» አልኋት።

«ማንን?»

«ክንዱን ነው ያለችው። ንግግሩ ግን የኔ ነው። እኔ ነኝ እንዲህ የምላቸው።»

አገርነሽ መሬት ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አቀረቀረች። መሳቋ ይሁን ማልቀሷ መጀመሪያ አልለየኝም ነበር፤ ሁለቱም ነበር። እኔም አፈርሁ፣ ደስም አለኝ። ልጅ ሊናገር አፉን ሲፈታ ከእኔ አፍ የሚያገኘው ይኸ መሆኑ እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ያን ጊዜ የብርጓል ደንገሏን እንደያዘች መጣችና ትንሹን ወንበር ጎትታ ፊቴ አቆመችው።

«ቁጭ በል» አለችኝ።

ተቀመጥሁ። ሃያ ሰባቱም ከበቡን።

«ሀ በል።»

«ሀ» አልሁ።

«ድገም። እጅህን ዘርጋ።»

«ኧረ አንች ልጅ! የኔታን!» ብላ አገርነሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ተያት፤ ተራዋ ነው» አልሁና ዘረጋሁ። ደህና አድርጋ መታችኝ። ደንገል ይለበልባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እጄን እያሸሁ ብድግ ስል ወንበሩ እንደ ልማዱ አብሮኝ ተነሣ። ልጆቹ ሳቁ። የብርጓል ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ደንገሉ ከእጇ ወደቀ። በዚህ ጊዜ የሳቁት ሃያ ስምንቱም ነበሩ።